ቃላትን ከጭራቸው የያዘ ሰው፤ የጆን ዎከር ታሪክ

እንግሊዝኛ የሚማር ሁሉ ገና ከጅምሩ የሚገርመው ነገር ቢኖር፥ በዚያ ቋንቋ ፊደልና ድምፅ ተስማምተው የማይኖሩ መሆናቸው ነው። ኦ፥ ዩ፥ ጂና ኤች የሚባሉት አራት ፊደሎች በቃል መጨረሻ ተከታትለው ሲገኙ፥ አንዱን ቃል «ታፍ»፥ ሁለተኛውን «ኮፍ»፥ ሦስተኛውን «ባው»፥ አራተኛውን «ስሩ»፥ አምስተኛውን «ዞው» ብለን እንድናነብ ያዙናል። እነዚህ ቃላት ለዐይን ወንድማማች ሲሆኑ ለጆሮ ባዕዳን ናቸው። በአንጻሩ ደግሞ ሌሊት ማለት የሆነው «ናይት»ና ልጆች በነፋስ የሚያበሩት «ካይት» በአጻጻፍ ፈጽሞ ሳይመሳሰሉ፥ በድምፅ ግን እንደ መንትያ ቤት ይመታሉ።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም። ፊደላችን ተነባቢውን ከነአናባቢው ስለሚይዝ፥ ከሃሌታው ሀና ከሐመሩ ሐ ክርክር በቀር፥ ለጆሮ ቤት የመታ ግጥም ለዐይንም የመታ ነው። ደግሞም ለአማርኛ ገጣሚ የመጨረሻው ፊደል ከገጠመለት ይበቃዋል። ለእንግሊዙ ገጣሚ ግን አይበቃውም። በእርሱ ቋንቋ፥ በቃሉ ውስጥ ድምፅ ጠንክሮ ከሚወድቅበት ከመጨረሻው አናባቢ ጀምሮ እስከ ቃሉ ጫፍ ያለው ሁሉ አንድ መሆን አለበት፤ ከዚያ አናባቢ በፊት ያለው ተነባቢ ደግሞ መለየት አለበት። «ናይት»ና «ካት» ሁለቱም በት ድምፅ ስለሚያልቁ የእኛ ጆሮ ይታገሣቸው ይሆናል፤ የእንግሊዝ ጆሮ ግን አይቀበላቸውም። እንግዲህ ለገጣሚው የሚቀሩለት ቃላት ጥቂት ናቸው። ብርቱካን ለሚሉት «ኦሬንጅ» ለተባለው ቃል ቤት የሚሆን ተራ ቃል ጠፍቶ፥ በዌልስ አገር የሚገኝ «ብሎሬንጅ» የሚባል አንድ ተራራ እየጠሩ ይቀልዱበታል።

ይህን ሁሉ ጣጣ ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞ የኖረ አንድ ሰው አለ፤ ስሙም ጆን ዎከር ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዎከር በመጋቢት ወር 1732 ዓ.ም. ከሎንዶን በስተሰሜን በምትገኘው በኮልኒ ሃች መንደር ተወለደ። አባቱ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። ልጁም ወደ ትምህርት ቤት ገብቶ ጥቂት እንደ ተማረ፥ እንጀራ ይሻላል ተብሎ ከትምህርቱ ወጣና ለአንድ ባለሙያ የእጅ ሥራ እንዲማር ተሰጠ። ነገር ግን በሥራው ልቡ አልረጋም፤ እናቱ ስትሞት ጥሎ ወጣና ከቴአትር ተጫዋቾች ጋር ተቀላቀለ። በዚያ ዘመን ቴአትር መግባት ማለት ለጨዋ ልጅ የሚያስመሰግን ሙያ አልነበረም፤ ይህን ለማስረዳት ለእኛ አንባቢ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ዩኒቨርሲቲ ያልገባው ይህ ልጅ ትምህርቱን የጨረሰው በመድረክ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የዘመኑ ታላቅ ተዋናይ ዴቪድ ጋሪክ በሚያስተዳድረው በድሩሪ ሌን ቴአትር ተቀጠረ። እዚያ የሚሰጠው ክፍል የሁለተኛ ደረጃ ነበር። በ1758 አንዲት በአስቂኝ ጨዋታ የታወቀች ተዋናይት አገባ፤ ከዚያም ሁለቱም ወደ አየርላንድ ተሻግረው በደብሊን በክራው ስትሪት ቴአትር ሠሩ። እዚያ ጠንከር ያሉ ክፍሎች ተሰጡት፤ ካቶንና ብሩቱስን የመሳሰሉትን ሮማውያን ሆኖ ሲጫወት ተመሰገነ። በ1762 ወደ ሎንዶን ተመልሶ በኮቨንት ጋርደን ቴአትር ገባ፤ በ1768 ግን መድረኩን ጨርሶ ተወው።

እነዚህን የተዋናይነት ዓመታት ቶሎ የማልፋቸው ስለማይረቡ አይደለም። እንዲያውም የኋላው ሥራው ሁሉ የበቀለው ከእነርሱ ይመስለኛል። ተዋናይ ማለት ያንዲት ቃል ጫፍ ቢበላ ከሩቅ ወንበር የተቀመጠው ሰው የሚጮህበት ሰው ነው። ደግሞም ሎንዶን የተወለደ ሰው ደብሊን ሄዶ ሲኖር፥ አንዱ ቋንቋ በሁለት አፍ እንዴት እንደሚለያይ በየቀኑ ይሰማል። ጎንደሬ ወሎ ሲሄድ ወይም መንዜ ጎጃም ሲወርድ እንደሚሰማው ዓይነት ነው።

በጥር ወር 1769 ዎከር ጄምስ አሸር ከሚባል ሰው ጋር ሆኖ በኬንሲንግተን ትምህርት ቤት ከፈተ። ሽርክናው ከሁለት ዓመት ያህል አላለፈም፤ ዎከርም ከዚያ ወዲህ ራሱን ችሎ የንባብና የንግግር ጥበብ አስተማሪ ሆነ። በስኮትላንድና በአየርላንድ እየዞረ ንግግር አደረገ። በኦክስፎርድም የኮሌጆቹ አለቆች በግል ትምህርት እንዲሰጥ ጋበዙት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ዎከር በልጅነቱ በፕሬስቢቴሪያን ሃይማኖት ቢያድግም በኋላ ካቶሊክ ሆኖ ነበር። የዚያን ጊዜው ኦክስፎርድ ደግሞ የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን የእምነት አንቀጾች ያልፈረመ ሰው በተማሪነት አይቀበልም ነበር። እንግዲህ ይህ የመድረክ ሰው በደቀ መዝሙርነት ሊገባበት በማይችለው በር በመምህርነት ገባ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንድረስ። ዎከር በ1774 ለቀድሞ አለቃው ለጋሪክ በጻፈው ደብዳቤ መልክ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አወጣ፤ ቃላት እንዴት እንደሚነገሩ የሚያሳይ አዲስ ዓይነት መዝገበ ቃላት አሰናዳለሁ የሚል ማስታወቂያ ነበር። ነገር ግን ያ ታላቅ መጽሐፍ ሳይወጣ በ1775 ሌላ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ይህኛው ለግጥም ቤት፥ ለአጻጻፍና ለአነጋገር ለሦስቱም ባንድነት እንዲያገለግል የታሰበ ነው።

ቃላትን በመጨረሻቸው መደርደር ዎከር የፈለሰፈው ነገር አይደለም። ፒተር ሌቨንስ የሚባል ሰው በ1570 የእንግሊዝኛ ቃላትን እንደ አጨራረሳቸው ከላቲን ፍቺ ጋር ደርድሮ ነበር። ጆሹዋ ፑል በ1657፥ ኤድዋርድ ቢሽ ደግሞ በ1702 በወጡት የግጥም መምሪያ መጽሐፎቻቸው ውስጥ የቤት መምቻ ቃላት ዝርዝር ሰጥተዋል። እነዚህ ግን ለገጣሚ ማበደሪያ እንዲሆኑ የተለቀሙ ነበሩ። ዎከር ያደረገው መላውን ቋንቋ እንዳለ መገልበጥ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተራው መዝገበ ቃላት ቃሉን ከራሱ ጀምሮ በፊደል ተራ ሲያስቀምጥ፥ የዎከር መጽሐፍ ከእግሩ ይጀምራል። መጀመሪያ በኤ የሚያልቁ ቃላት ይመጣሉ፤ ቀጥሎ በቢ የሚያልቁ፤ እንዲህ እያለ እስከ ዜድ ይደርሳል። በአንድ ፊደል ከሚያልቁትም መካከል ከመጨረሻው ቀድሞ ያለው ፊደል ተራውን ይወስናል፤ ከዚያም ሌላው ቀዳሚ። ስለዚህ ብርሃን የሚለውን «ላይት» የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ወደ ቲ ይሄዳል፥ ከዚያ ወደ ኤች፥ ከዚያ ወደ ጂ፥ ከዚያ ወደ አይ ይወርዳል። እዚያም «ላይት»፥ «ናይት»፥ «ፋይት»፥ «ራይት»፥ «ታይት» አንድ ቤተ ሰብ ሆነው ተሰልፈው ያገኛቸዋል።

ነገር ግን በዚያው ሰፈር ስምንት ማለት የሆነው «ኤይት» እና ቁመት ማለት የሆነው «ሃይት» ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የሁለቱም የመጨረሻ አምስት ፊደሎች አንድ ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ ለሌላው ቤት አይሆንም። «ካይት» ደግሞ በኢ ፊደል ስለሚጨረስ ከመጽሐፉ ሌላ ዳር ላይ ነው። ከፍ ብለን የተናገርነው የፊደልና የድምፅ ጠብ እዚህ በግልጽ ይታያል። ዎከር ይህን አላጣውም። ስለዚህ በመጽሐፉ መጨረሻ አንድ ማውጫ ጨመረበት፤ በዚህም እያንዳንዱን አጨራረስ ወስዶ፥ ከየትኞቹ ሌሎች አጨራረሶች ጋር በትክክል ቤት እንደሚመታ፥ ከየትኞቹስ ጋር በይለፍ ብቻ እንደሚታገሡት ለይቶ አሳየ። ለይለፎቹም ከታወቁ ገጣሚዎች ሥራ ምስክር ጠራ።

የይለፍ ቤት የሚባለው ነገር ለእኛ እንግዳ ስለሆነ ጥቂት እንቈይበት። ፍቅር ማለት የሆነው «ላቭ» እና መንቀሳቀስ ማለት የሆነው «ሙቭ» ሁለቱም በኦ፥ ቪና ኢ ይጨረሳሉ። ድምፃቸው አይገጥምም፤ ሆኖም የእንግሊዝ ገጣሚዎች ከጥንት ጀምሮ ቤት አድርገው ሲጠቀሙባቸው ኖረዋል። ከእንዲህ ዓይነቱ ቤት አንዳንዱ በጥንት ዘመን በእውነት ይገጥም የነበረ ሲሆን ድምፁ ከጊዜ በኋላ ተለውጦ ፊደሉ ብቻ የቀረ ነው። አሌግዛንደር ፖፕ በ1714 ሙሉውን ባሳተመው «የጠጕር ቍራጭ ስርቆት» በተባለው ግጥሙ ሻይ የሚለውን ቃል «ኦቤይ» ከሚለው ቃል ጋር ቤት አስመትቶታል። ይህን የሚያነብ የዛሬ ተማሪ ገጣሚው የተሳሳተ ሊመስለው ይችላል። እውነቱ ግን በፖፕ ዘመን «ቲ» የምንለው ቃል «ቴይ» ይባል የነበረ መሆኑ ነው። የግጥም ቤት እንግዲህ የሞተ ድምፅ መቃብር ምልክት ሆኖ ያገለግላል። የድምፅ ማጠራቀሚያ መኪና ባልነበረበት ዘመን ሰዎች እንዴት ይናገሩ እንደ ነበረ ሊቃውንት ከሚያውቁባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው።

የዎከር መጽሐፍ ለገጣሚ ብቻ አልነበረም ብያለሁ። በተለይ ለእኛ ለባዕዳን ተማሪዎች የሚጠቅመው ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል ነው። በእንግሊዝኛ ድምፁ በየትኛው የቃሉ ክፍል ላይ እንደሚጠነክር የሚወስነው ብዙ ጊዜ የቃሉ ጭራ ነው። «ኔሽን»፥ «ኤጁኬሽን»፥ «ኤግዛሚኔሽን» የመሳሰሉት ሁሉ የሚጠነክሩት «ሽን» ከሚለው አስቀድሞ ባለው ክፍል ላይ ነው። «ኤሌክትሪሲቲ»፥ «ናሽናሊቲ»፥ «ዩኒቨርሲቲ» ደግሞ ከመጨረሻው ሦስተኛ በሆነው ክፍል ላይ ይጠነክራሉ። አንድ ሰው ቃላቱን ከራሳቸው ይዞ አንድ ሺህ ቢያጠና ይህን ሕግ ላያየው ይችላል፤ ከጭራቸው ይዞ አንድ ገጽ ቢያነብ ግን ሕጉ ራሱ ዘልሎ ይወጣል። እንደዚሁም «ኤብል» የሚለው ጭራ መቼ በኤ፥ መቼ በአይ እንደሚጻፍ የተቸገረ ሁሉ፥ ሁለቱን ዝርዝሮች ለየብቻ ተሰልፈው ማየቱ ከብዙ መቅጫ ያድነዋል። ብዙዎቻችን ይህን ሕግ በፈተና ማግስት በቀይ ቀለም ነው የተማርነው።

ዎከር በዚህ ሥራው ከዘመኑ ታላላቆች ጋር ተዋወቀ። ሳሙኤል ጆንሰንና ኤድመንድ በርክ ደጋፊዎቹ ነበሩ። ሆኖም ጆንሰን የንግግር መምህራንን ጥበብ እጅግም አያምንበትም ነበር። ቦስዌል በጻፈው የጆንሰን ታሪክ ውስጥ በ1783 ዎከር ጆንሰንን ሊጠይቅ የመጣበት ቀን ተመዝግቧል። ቦስዌል እንግዳውን ብዙ ቀሳውስት አስተምረህ እንደ ሆነ ብሎ ጠየቀው። ዎከር ገና ሳይመልስ ጆንሰን አላስተማረም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ አለ። ዎከርም አንድ ብቻ እንዳስተማረ፥ ያም ሰው ከሰማቸው አንባቢዎች ሁሉ የበለጠ እንደ ሆነ፥ ነገር ግን ይህ ከተፈጥሮ ስጦታው እንጂ ከትምህርቱ እንዳልመጣ ተናገረ። ጆንሰን ግን ሰውየው የዓለም አንደኛ አንባቢ ቢሆን እንኳ ተምሮ ያገኘው መሆኑ እንዲወራበት አልወድም ብሎ ዘጋው። ዎከር ይህን ስድብ እንዴት እንደ ዋጠው አልተጻፈም። በትሕትና የመለሰው መልስ ግን የሚያስመሰግነው ይመስለኛል።

በ1791 ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ቃል የገባበት ታላቁ የአነጋገር መዝገበ ቃላት ወጣ። የጆንሰን መዝገበ ቃላት በ1755 ሲወጣ ቃሉ የሚጠነክርበትን ቦታ ብቻ ያመለክት ነበር። ዊልያም ኬንሪክ በ1773፥ ቶማስ ሸሪዳንም በ1780 አናባቢዎችን በቍጥር ማመልከት ጀምረው ነበር። ዎከር ይህንኑ ዘዴ ወስዶ አሻሻለውና ከ500 በላይ የሆኑ ሕጎች ከፊቱ አስቀደመበት። መጽሐፉ ከመቶ ጊዜ በላይ ታተመ፤ በአሜሪካም ከጆንሰን መዝገበ ቃላት ጋር ተጣምሮ ወጣ።

ሸሪዳን አየርላንዳዊ፥ እንደ ዎከርም የቀድሞ ተዋናይ ነበረ። ስለ እርሱ የሚነገረውን ጨዋታ ዎከር ራሱ ነፋስ ማለት የሆነውን ቃል ሲያብራራ ጽፎታል። ይህ ቃል «ዊንድ» ይባላል ወይስ «ዋይንድ» ተብሎ ብዙ ጊዜ ተከራክረውበታል። ጸሐፊው ጆናታን ስዊፍት «ዊንድ» የሚሉትን ሰዎች ሲያላግጥባቸው፥ «ማይንድ»ን «ሚንድ»፥ «ፋይንድ»ን «ፊንድ» እያለ ለምን እንደዚያ እንደሚሉ ይጠይቃቸው ነበር። ሸሪዳን ደግሞ ወርቅን «ጎልድ» በማለት ፈንታ «ጉልድ» ይል ስለ ነበር፥ አንድ ተቃዋሚ የስዊፍትን ቀልድ ገልብጦ «ቦልድ»ን «ቡልድ»፥ «ቶልድ»ን «ቱልድ» እያደረገ መለሰለት። በሁለቱም ቀልድ ክርክሩ አንድ ነው፤ አንድ ቃል እንደ ቤተ ሰቡ ይነገር የሚል ነው። ዎከርም በጠባዩ ቃል ከቤተ ሰቡ እንዳይለይ የሚወድ ሰው ነበር። ቢሆንም «ዊንድ» በተራ ንግግር ማሸነፉን ደብቆ አላለፈም፤ «ዋይንድ» የቀረው በግጥም ቤት ግዛት ውስጥ ብቻ መሆኑን መሰከረ።

እንግዲህ ጥያቄው የማን አፍ ነው ትክክል የሚል ነው። ዎከር ሦስት ዳኞች አስቀመጠ፤ የተማሩት፥ የቤተ መንግሥት ጨዋዎችና ብዙው ተናጋሪ ሕዝብ። ከሦስቱ ሁለቱ ከተስማሙ ያ አነጋገር ይጸናል አለ። ከዘመኑ አስተሳሰብ ጋር ሲመዛዘን ይህ ለሕዝብ ድምፅ መስጠት ነው። ግን ወዲያው ለስኮትላንድ፥ ለአየርላንድና ለሎንዶን ተራ ሰዎች ስሕተታቸውን የሚያርሙበት ሕግ ጽፎ በመጽሐፉ መግቢያ አኖረ። ሎንዶኖቹን «ቬሪ»ን «ዌሪ» ትላላችሁ፥ የኤች ድምፅን ትውጣላችሁ እያለ ይገሥጻቸዋል። በዚያው መጽሐፍ ግን «ባርድ»፥ «ካርድ» በመሳሰሉት ቃላት ውስጥ የአር ድምፅ በሎንዶን እየቀለጠ «ባአድ» ሊሆን ምንም እንዳልቀረው በትክክል መዝግቦአል። ዛሬ ያ የቀለጠ አር የእንግሊዝ ጨዋዎች አነጋገር ሆኗል። ስኮትላንዳዊውና አየርላንዳዊው ግን ፊደሉን እንደ ጻፉት ዛሬም ያነቡታል፤ ከሁለቱ ማን መታረም እንደ ነበረበት አንባቢው ይፍረድ።

እኔ በዚህ ነገር ላይ ከዎከር ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የጆሮው ንቃት ያስደንቃል፤ እርሱ የሰማውን ያህል በጥንቃቄ የሰሙ ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን መጽሐፉ በብዙ ቤት እንደ መማሪያ ብቻ ሳይሆን እንደ ማሳፈሪያም ሠርቷል። አንድ የኤዲንበርግ ሰው ሐሳቡ የቱንም ያህል ቢበስል፥ አፉን በከፈተ ጊዜ በሐሳቡ ሳይሆን በአናባቢው ይመዘን ጀመር። በክፍል ውስጥ ጥያቄ እያለው «ቃሉን ባበላሸው ይስቁብኛል» ብሎ እጁን ሳያነሣ የወጣ ተማሪ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል።

ዎከር ከዚህም በቀር «የንባብ ጥበብ መሠረታውያን» የተባለውን በ1781፥ የንግግር ሰዋስው በ1785፥ የግሪክና የላቲን ስሞች አነባበብ ቍልፍ በ1798 ጽፏል። ሚስቱ በ1802 ሞተችበት። እርሱም ነሐሴ 1 ቀን 1807 በሎንዶን በ75 ዓመቱ ዐርፎ በሴንት ፓንክራስ ተቀበረ። ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ የባቡር ሐዲድ በዚያ አሮጌ መቃብር በኩል እንዲያልፍ ተቈርጦ ብዙ ዐፅሞች ሲነሡ፥ ሥራውን እንዲጠብቅ የተላከው የሥነ ሕንጻ ወጣት በኋላ በልብ ወለድና በግጥም የታወቀው ቶማስ ሃርዲ ነበረ።

ከሁለቱ መጻሕፍት ዕድሜ ያገኘው የትኛው እንደ ሆነ ማየት ያስገርማል። ዎከርን ያስከበረውና ያበለጸገው የአነጋገሩ መዝገበ ቃላት ነበር። ግን ድምፅ በየትውልዱ ስለሚለወጥ ያ መጽሐፍ ቀስ በቀስ አርጅቶ ዛሬ የሚገልጠው የቋንቋ ታሪክ መርማሪ ብቻ ነው። በ1775 የወጣው የጭራው መዝገብ ግን የተሠራው በድምፅ ላይ ሳይሆን በፊደል ላይ ስለሆነ፥ የእንግሊዝኛ ፊደል ደግሞ እንደ ድምፁ ስለማይንቀሳቀስ፥ ቃላት እየተጨመሩበት ኖረ። ባይረን በ1818 ባወጣው «ቤፖ» በተሰኘው የቀልድ ግጥሙ ቤት ሲጠፋው የዎከርን መጽሐፍ እንደሚገልጥ ሳያፍር ተናግሯል። ብዙ ገጣሚዎች ይህን መጽሐፍ ከአልጋቸው ሥር ደብቀው ያኖሩታል እየተባለ ሲታሙ፥ ታላቁ ገጣሚ ግን በአደባባይ አወጣው። በ20ኛው መቶ ዓመት ሎውረንስ ዶውሰን አስፋፍቶት እንደገና ታተመ። ከዚያም ኮምፒዩተር ሲመጣ፥ ዎከር ቃላትን አንድ በአንድ እየገለበጠ ዓመታት የፈጀበትን ድርደራ መኪናው በጥቂት ጊዜ ይጨርሰው ጀመር።